ለሳንጃ ግንበኛ ከወዴት ይመጣል?

የእርዳታ ድርጅቶችና ማኅበረ ምእመናን በገጠር ለሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ስለ ሲሚንቶ፣ ስለ ብረትና ስለ ቆርቆሮ ነው። የበጀቱም ወረቀት ሲዘጋጅ በመጀመሪያ የሚሰፍሩት እነዚሁ ናቸው። ነገር ግን ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ከተራገፈ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «ማን ይሠራዋል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ለምሳሌም ሳንጃን እንወስዳለን።

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ይበቅልበታል። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋው እጅግ ብዙ ሰው ለቀን ሥራ ወደዚህ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ በአካባቢው የጠፋው ጉልበት አይደለም። የጠፋው ያንን ጉልበት የሚመራ የሠለጠነ እጅ ነው፤ ይኸውም ግንበኛ፣ አናጢ፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

ችግሩ በጊዜያዊ መንገድ የሚፈታው ባለሙያ ከጎንደር ከተማ በማስመጣት ነው። ይህም የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የውሎ አበል ወጪ ያስከትላል። የመጣውም ሰው ሙቀቱንና ወባውን አይቶ ቶሎ ጨርሶ ለመመለስ ይቸኩላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን በኋላ የሚታየው ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም ቧንቧው ሲፈነዳ፣ የሠራው ሰው በቦታው የለም። አጠገቡ ሆኖ ያየና የተማረም የለም። አንዲት ትንሽ ስንጥቅ በወቅቱ ሳትጠገን ቀርታ ግድግዳውን እስከ መጣል ትደርሳለች።

ቆላ አገር ለሠሪው ይቅርታ የለውም

አንዳንዶች «የገጠር ቤት ምን ሙያ ያስፈልገዋል?» ይላሉ። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። በቆላ አገር የሚሠራ ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሦስት ምክንያቶችን ብቻ እናንሣ።

አንደኛው ምስጥ ነው። በመሬት ውስጥ የተቀበረን እንጨት ምስጥ ከውስጥ እየበላ ከላይ ደኅና አስመስሎ ይተወዋል። ብዙ ሰው እንጨቱን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶ ይተክለዋል፤ ይህ ጥቂት ዕድሜ ይጨምር እንደ ሆነ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ዐዋቂ አናጢ ግን ምሰሶውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ያቆመዋል፤ ምስጡ የሚሠራውን የጭቃ መንገድም በየጊዜው እንዲታይ አድርጎ ያስቀምጣል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውኃ ጋር በሚያደርገው መዋሐድ ነው። ስለዚህ ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። በሳንጃ ሙቀት ጠዋት የፈሰሰ ኮንክሪት ካልተሸፈነና ውኃ ካልጠጣ ከሰዓት በኋላ ይሰነጠቃል። እንደዚሁም ያልሠለጠነ ሠራተኛ ቡኮው እንዲቀልለው ውኃ ይጨምራል። ለአንድ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውኃ በሚበቃበት ቦታ አርባ ሊትር ቢጨመር፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ኮንክሪቱ ግን ይደክማል። ለዓይን ልዩነቱ አይታይም፤ ልዩነቱ የሚታየው ሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ሦስተኛው መረሬ አፈር ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቂ ጥልቀት ካልተቆፈረ፣ ወይም አፈሩ ወጥቶ በሌላ ካልተተካ፣ ቤቱ ከአፈሩ ጋር እየተነሣና እየወረደ ይፈርሳል። ይህንን የሚያውቅ ግንበኛ ዶማ ከማንሣቱ አስቀድሞ አፈሩን ያያል።

ሙያው ለምን ጠፋ?

ጎንደር ስለ ግንብ የሚያስተምራት የሚያስፈልጋት አገር አልነበረችም። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ከቆረቆሩ ጀምሮ በድንጋይና በኖራ የተሠሩት አብያተ መንግሥት ዛሬም ቆመው ይታያሉ፤ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። በዚያ ዘመን ግንበኞች፣ አናጢዎችና አንጥረኞች ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ስመ ጥር ነበሩ።

ይሁን እንጂ የሠሪው ክብር ከሥራው ክብር ጋር አልተስተካከለም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ በስድብ ስም ይጠሩ ነበር። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጅ ግን የሰውን አፍ እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥም። አባት ልጁ ጸሐፊ ወይም መኰንን እንዲሆንለት ሲመኝ ኖረ እንጂ ግንበኛ እንዲሆንለት አልተመኘም። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ የእጅ ሙያ ከጎንደር መንደሮች አብሮ ሄደ።

ሙያን ከውጭ ለማስገባትም ተሞክሮ ነበር። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከስዊስ አገር ከቅዱስ ክሪስቾና የወንጌል ተልእኮ ማሠልጠኛ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀመጧቸው፤ ወጣቶችንም ከእነርሱ ሥር ሆነው እንዲማሩ አደረጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ግን የጋፋት ሥራም ከእርሳቸው ጋር አበቃ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። አንድ ማሠልጠኛ በአንድ ረዳት ኃይል ላይ ብቻ ከቆመ፣ ረዳቱ ሲሄድ እርሱም ይዘጋል። የገበያ ፍላጎትና የአገሬው መምህር ያስፈልጉታል።

ሌላም ምስክር አለን፤ እርሱም ቋንቋችን ነው። በማንኛውም የግንባታ ቦታ ቆመን ብንሰማ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ማልታ፣ ሶሌታ፣ ሊሾ፣ ካሪዮላ፣ ካፖ የሚሉ ቃላት ይነገራሉ። ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። የእኛ ሰዎች በወረራው ዘመንና ከ1933 ዓ.ም. በኋላ እዚህ በቀሩት ጣልያናውያን ወርክሾፖች በረዳትነት እየሠሩ፣ በዓይናቸው እያዩና በእጃቸው እየሞከሩ ሙያውን እንደ ወሰዱ ቃላቱ ይናገራሉ። በመጽሐፍ ያልተማሩት እነዚያ ሰዎች ብዙ ከተሞችን ሠርተዋል። ይህ መንገድ ልምምድ ይባላል።

ተለማማጅ ማለት የቀን ሠራተኛ ማለት አይደለም

ልምምድ ስንል ብዙ ሰው በአእምሮው የሚሥለው ለባለሙያው ድንጋይና ውኃ የሚያቀብለውን ወጣት ነው። ሁለቱን መለየት ይገባል። የቀን ሠራተኛ ጉልበቱን ሸጦ ማታ ሒሳቡን ይቀበላል። ከአምስት ዓመት በኋላም ያው ድንጋይ አቀባይ ሊሆን ይችላል። ተለማማጅ ግን እየሠራ የሚማር ነው። ምን እንደሚማር፣ በምን ያህል ጊዜ እንደሚማር፣ ማን እንደሚያስተምረው አስቀድሞ ይታወቃል።

የአገራችንም ሕግ ይህንኑ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው ባለ ሥልጣን እንዲረጋገጥ ያዝዛል። በውሉም ውስጥ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራውም ሁኔታ መገለጽ አለበት። ተለማማጁ ዕድሜው ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊሠራ፣ በሌሊትም ሊሠራ አይፈቀድም። ውሉ ሲያበቃ አሠሪው የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለ ጥሩ ልምምድ ያወጣው ምክረ ሐሳብም በዚሁ መንፈስ የተጻፈ ነው።

በመንግሥት በኩል በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠና በክፍል ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከድርጅቶች ጋር በትብብር እንዲሰጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። በተለምዶ ሰባው በመቶ በሥራ ቦታ፣ ሠላሳው በመቶ በተቋም ይሁን ይባላል። በጎንደር ከተማም የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ታዲያ እንቅፋቱ ምንድን ነው? ሰባው በመቶ የሚፈጸምበት የሥራ ቦታ መጥፋቱ ነው። ትልልቅ ተቋራጮች ተማሪ ሲላክላቸው እንደ ሸክም ያዩታል፤ ትንንሾቹ ደግሞ ራሳቸው ውል የላቸውም። ግንባታ የሚያሠራ የእርዳታ ድርጅት ሊያስገኘው የሚችለው እንግዲህ ይህንኑ የሥራ ቦታ ነው።

ሌላም ብዙዎች የማያውቁት በር አለ። የሙያ ብቃት ምዘና የሚጠይቀው ሰው የት እንደ ተማረ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ሃያ ዓመት ግንብ ሲገነባ የኖረና ምንም ወረቀት የሌለው የሳንጃ ግንበኛ፣ ተመዝኖ ለሚገባው ደረጃ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ማረጋገጫ ውል ለመዋዋልና ተለማማጅ ለመቀበል ያግዘዋል።

ከአሁን በፊት የተሠራ ምሳሌ

በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀም። የጤና መኰንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ሥራ ላይ አስተማራቸው። ሰውን በሚሠራበት ሁኔታ ማሠልጠን የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ለጎንደር እንግዳ አይደለም።

በግንባታ በኩል ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ ይጠቀሳል። ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ተደራጅተው ብሎኬት ማምረትን፣ የበርና መስኮት ብየዳን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዝርጋታን በአጭር ሥልጠና ተማሩ። ብዙ ሺህ ሰው ሙያ አገኘበት። ጉድለትም ነበረበት። ሥልጠናው በአንድ ዓይነት ቤት በአንድ ክፍል ላይ የተወሰነ ስለ ነበር፣ በክልል ከተሞች ሥራው ሲቀዘቅዝ ብሎኬት ብቻ የሚያውቀው ወጣት ሌላ ቤት መሥራት አልቻለም። ስለዚህ አጭር ሥልጠና ለመጀመር ይበቃል፤ ለሙሉ ባለሙያነት ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ጀርመን አገር የሥራ ቦታንና ትምህርት ቤትን በማጣመር በምትሰጠው ሥልጠና አንድ ግንበኛ ሦስት ዓመት ይቆያል።

በሳንጃ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት፣ ለፕሮጀክት ሠራተኞቻችን የሚጠቅሙ የሚመስሉንን ነጥቦች እንዘረዝራለን።

በመጀመሪያ ከመምህሩ መጀመር። ወጣቶችን ከመመዝገብ በፊት በአካባቢው ያሉትን ጥሩ ግንበኞችና አናጢዎች መፈለግ፣ ማስመዘን፣ ፕላን ማንበብንና ማስተማርን ማሠልጠን ያስፈልጋል። አንድ ባለሙያ ከሁለት ተለማማጅ በላይ አይያዝ። ለማስተማሩም ተጨማሪ ይከፈለው፤ ካልተከፈለው ሙያውን ለተፎካካሪ የሚሰጥ ይመስለዋል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው።

ሁለተኛ ጊዜውን ከአገሩ ጋር ማስማማት። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ይታጨዳል። በዚያ ወቅት ወጣቱን በግንባታ ቦታ ለማቆየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የግንባታው ወቅት ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ የክፍል ትምህርቱ፣ ይኸውም ልኬት፣ ሒሳብና ፕላን ማንበብ፣ ዝናቡ ሥራ በሚያስቆምበት ሰሞን ሊሰጥ ይችላል።

ሦስተኛ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ። በመጀመሪያው በጋ ቁፋሮ፣ የድንጋይ መሠረት፣ የማልታ ቡኮና የኮንክሪት ውኃ ማጠጣት፤ በሁለተኛው ብሎኬት፣ ቱንቢና ውሃ ልክ፣ ልስን፣ ፌሮ ማሰር፤ በሦስተኛው ፕላን አንብቦ አንድ ክፍል ከመሠረት እስከ ጣሪያ በመምህሩ ጥበቃ ራሱ መሥራት። ደረጃው ሲያድግ ክፍያውም ይደግ።

አራተኛ ሴቶችን ማስገባት። በየግንባታው ቦታ ድንጋይና ውኃ የሚሸከሙት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ቱንቢ የምትይዝ ግን ጥቂት ናት። ሥራውን ከማንም ቀርበው ያዩት እነርሱ ናቸውና ምዝገባው ከእነርሱ ሊጀመር ይገባል።

አምስተኛ መሣሪያ። ሥልጠናውን ጨርሶ መሣሪያ የሌለው ግንበኛ ተመልሶ የቀን ሠራተኛ ይሆናል። ውሃ ልክ፣ ቱንቢ፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ የመለሰኛ ዕቃና የራስ ቆብ በጥቂት በጥቂቱ ከክፍያው እየተቀነሰ የራሱ እንዲሆን ቢደረግ ይጠብቀዋል።

ስድስተኛ በውል ማሰር። ከተቋራጭ ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ ስንት ተለማማጅ እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚያስተምር፣ ለዚህም ምን እንደሚከፈለው በውሉ ይጻፍ። በቃል የተባለ ነገር የሲሚንቶ ዋጋ በጨመረ ቀን ይረሳል።

ለሚነሡት ጥያቄዎች

«ሠልጥነው ወደ ከተማ ቢሄዱስ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዳንዶቹ መሄዳቸው አይቀርም። ሰው ሙያውን ይዞ የተሻለ እንጀራ ቢፈልግ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ቤትና ቤተሰብ በአካባቢው ያለውን መምረጥ፣ ከጨረሱ በኋላ በቡድን ተደራጅተው የትምህርት ቤቶችንና የጤና ኬላዎችን ጥገና በየዓመቱ እንዲዋዋሉ ማድረግ ብዙዎቹን ያስቀራል። ሰው የሚቀረው ሥራ ባለበት ነው።

«ሥራውን አያዘገይም ወይ?» የሚሉም አሉ። ያዘገያል። ተለማማጅ ያለበት ሕንፃ በመጀመሪያው ዓመት ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የተበላሸ ግድግዳም ፈርሶ እንደገና ይሠራል። ይህን ወጪ በበጀት ውስጥ በግልጥ ማስቀመጥ እንጂ መሸሸግ አይገባም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሕንፃ ላይ ግን ከሩቅ ባለሙያ የማምጣቱ ወጪ ይቀንሳል።

«ሰላም በሌለበት ይቻላልን?» የሚለው ከሁሉ ይከብዳል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ጎንደር ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገድን አስቸግሯል። መንገድ ሲዘጋ ከጎንደር የሚመጣው ባለሙያ ይቀራል፤ በመንደሩ ያለው ግን አለ። እንዲያውም የአገሬው ባለሙያ ይበልጥ የሚያስፈልገው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሆኖም ተለማማጆችን ወደ ምዘና በምንልክበት ጊዜ ከማንኛውም ቀጠሮ በፊት ደኅንነታቸው ይቅደም።

ማኅበረ ምእመናን ምን ያድርጉ?

ገንዘብ የምታዋጡ ጉባኤዎች ለአንድ ሕንፃ ስታዋጡ «ስንት ክፍል ይኖረዋል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ሁሉ «ስንት ሰው ይሠለጥንበታል?» ብላችሁም ጠይቁ። ከበጀቱ ጥቂቱ ለመምህራን ክፍያና ለመሣሪያ ቢመደብ ሕንፃው በአንድ መስኮት አይጎድልም። በጉባኤያችሁ መካከል ግንበኛ፣ አናጢ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ካለ፣ አንድ ወጣት አጠገቡ አስቁሞ እንዲያስተምር አበረታቱት። ልጆቻችሁም የእጅ ሙያ ሲመርጡ አታሳፍሯቸው።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በሚቀጥለው የበጋ ወራት ቁፋሮ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን አዘጋጁ፤ በአካባቢው ያሉትን ባለሙያዎች ስም ዝርዝር፣ የተለማማጆችን የጽሑፍ ውል፣ ለሥልጠናው የተለየ የበጀት መስመር። እነዚህ ሦስቱ ከሲሚንቶው በፊት ይድረሱ። ሲሚንቶ ከስድስት ወር በላይ ቢቀመጥ ይበላሻል፤ በሰው እጅ የገባ ሙያ ግን በየዓመቱ ሌላ ቤት ይሠራል።